ሙሽራዋ ያልተጠራችበት ሰርግ

ሂሳቡ 13,915 ብር መጣ። የበላነው ሦስት ሰዎች ነን። ከዚያ ቤት ስንወጣ ሦስታችንም ርቦናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብሮ አደጌ ከአሜሪካ መጣ። ወገዳ ላይ አንድ ደብተር ለሁለት ከፍለን የተማርን፣ አንድ አገልግል ቆሎ በየኪሳችን ተካፍለን የቆረጠምን የስማዳ ልጆች ነን። «ዛሬ ጋባዡ እኔ ነኝ፤ እንዳትከራከረኝ» አለና ከባለቤቱ ጋር ቦሌ አካባቢ ወዳለ «የጃፓን ፊውዥን» ወደሚባል ቤት ይዞኝ ሄደ። የቤቱን ስም አልጠራም። ጉዳዬ ከአንድ ቤት ጋር አይደለም። እንዲያውም የቤቱ ጥፋት ትንሹ ነው፤ ትልቁ የእኛ የበላተኞቹ ነው።

በሩ ላይ ጥቁር ኪሞኖ መሳይ የለበሱ ልጆች ከወገባቸው ጎንበስ ብለው በጃፓንኛ ተቀበሉን። ምን አለፋችሁ፣ እጅ ነሱን። ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኛም እኮ ለእንግዳ ከወገብ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሳ ልጅ ነበረን። «ኋላ ቀር»፣ «አጎብዳጅ» እያልን ነው ያስተውነው። ያው ልጅ አሁን በጃፓንኛ ሲያጎነብስልን ግን «ሰርቪሱ እንዴት ያምራል!» አልን።

ተቀመጥን። የምግብ ዝርዝሩ መጣ። እንግሊዝኛ አለው። ለጌጥ ይሁን ለቁም ነገር እንጃ፣ የጃፓን ፊደልም አለው። የራሳችን ፊደል የለበትም። አዲስ አበባ ውስጥ፣ አማርኛ ተናጋሪ አስተናጋጅ፣ አማርኛ ተናጋሪ እንግዳ፣ መሀላቸው ደግሞ ሁለቱም በደንብ የማያነቡት ወረቀት። ከግርጌ ደግሞ በጉንዳን እግር የተጻፈ ነገር አለ፤ «10 በመቶ የአገልግሎት፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አልተካተተም» ነው ትርጉሙ። እንግዲህ በዝርዝሩ ላይ ደምረን «11,000 ነው» ያልነው ሂሳብ ደረሰኙ ላይ 13,915 ሆኖ የጠበቀን በዚህች መስመር ነው። ወገዳ ገበያ ላይ አንዲት ባልቴት «አንድ ጣሳ ጤፍ በዚህ ያህል» ብላ ሰፍራ ከሰጠችህ በኋላ «የጣሳው ኪራይ ደግሞ ለብቻ ነው» ብትልህ መንደሩ ሁሉ ይሰበሰብባታል። እዚህ ግን ያስነወረው መክፈሉ ሳይሆን መጠየቁ ነው።

ምግቡ መጣ። ከጥቁር ድንጋይ ሰሌዳ ላይ ስምንት ጉርሻ የማታህል ሩዝ፣ በላይዋ ላይ ጥሬ ዓሣ ተጋድሞባታል። ከጎኗ ሁለት ዱላ። ዱላዎቹ እጄ ላይ ሲጣሉ ቆይተው ሩዟን መሬት ጣሏት። «በእጅ መብላት አይቻልም?» አልኩ። ጓደኛዬ ዙሪያውን ቃኘና በለሆሳስ «ተው እንጂ! እንዳታዋርደኝ» አለኝ።

እንግዲህ ያዙልኝ። ጃፓኖች ራሳቸው ይችን ሩዝ በእጃቸው ያነሷታል፤ ነውር የለውም፤ ጥንትም እንዲያ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኢዶ በሚሏት በዛሬዋ ቶኪዮ ሱሺ ማለት የመንገድ ዳር ምግብ ነበር። የቀን ሠራተኛው ከድንኳን ሥር ቆሞ በእጁ አንስቶ፣ ጎርሶ፣ ሂሳቡን ከፍሎ ወደ ሥራው የሚሮጥባት ነበረች። የኛ እርጥብና ሳምቡሳ ማለት ናት። በእጁ ከሚበላ ሕዝብ ተወልዳ፣ በእጁ ወደሚበላ ሕዝብ መጣች፤ እኛ ግን በእጃችን ለመንካት አፈርን። ለመሆኑ ያፈርነው በጃፓን ነው ወይስ በራሳችን?

ከዚያ ያቺ አረንጓዴ ነገር መጣች። ዋሳቢ ትባላለች። እንደ ሹሮ ጠቀም አድርጌ ጎረስኳት። አፍንጫዬ ተሰነጠቀ፣ ዓይኔ እንባ አዘነበ፣ አናቴ ተከፈተ። እንባዬን እየጠረግሁ ሳላስበው ከፍ ባለ ድምፅ፣ «ይኼ እኮ ስልጆ ነው!» አልኩ።

«ስልጆ ምንድነው?» አለች የጓደኛዬ ባለቤት። አዲስ አበባ ያደገች ናት፤ አትፈረድባትም።

ጓደኛዬ ዝም አለ። ያ ልጅ እኮ በዓቢይ ጾም የአያቱን የስልጆ ማሰሮ ደብቆ በመላሱ ሁለት ጊዜ የተገረፈ ነው! «የሆነ… የባላገር ማባያ ነው» አለና ወሬውን ቀየረ። ከኋላችን የቆመው አስተናጋጅ ግን ሳቁን በእጁ ሲያፍን አየሁት።

ለማያውቅ ልንገር። ስልጆ የባቄላ ዱቄት ከሱፍ ውሃ ጋር ተበጥብጦ፣ በእሳት ገንፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰናፍጭ ገብቶበት ለቀናት እየኮመጠጠ የሚፈላ የጾም ማባያ ነው። የእኛ አገር እናቶች ማይክሮስኮፕ ሳያዩ፣ ባክቴሪያ የሚባል ስም ሳይሰሙ ያበጁት የብልሃት ሥራ ነው። ጃፓኖች ደግሞ ሚሶ የሚሉት ከአኩሪ አተር የሚፈላ ነገር አላቸው። እነሱ አኩሪ አተራቸውን አፈሉ፤ እኛ ባቄላችንን አፈላን። የዘዴ ዘመዳሞች ነን። ዋሳቢውስ ብትሉ፣ እውነተኛው ዋሳቢ ዋጋው ውድ፣ አበቃቀሉም አስቸጋሪ ስለሆነ ከጃፓን ውጭ በዋሳቢ ስም የሚቀርበው አብዛኛው ነገር የሌላ ሥር ዱቄትና ሰናፍጭ አረንጓዴ ቀለም ተነክሮ ነው። ስለዚህ በዚያች ምሽት በውድ ዋጋ ያስለቀሰኝ ምናልባት ያው ሰናፍጭ ሊሆን ይችላል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት እንዲህ ነው። የኛ መዳብ ግን አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ፣ በአውሮፕላን ተመልሶ ሲመጣ ወርቅ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቃሉ «ፊውዥን» ነው። መዋሐድ፣ መጋባት ማለት ነው። ጥሩ ቃል ነው። ግን በዚያ ዝርዝር ላይ ያየሁት ጋብቻ የጃፓንና የአሜሪካ፣ የጃፓንና የሜክሲኮ፣ የጃፓንና የጣሊያን ነው። ሚጥሚጣ የለም። አዋዜ የለም። ኮሰረት የለም። ጤፍ የለም። ሰናፍጭ እንኳ ካለ ስሙን ቀይሮ ነው። አዲስ አበባ ላይ በተደገሰ ሰርግ ውስጥ የአዲስ አበባ ወገን አንድም ሰው አልተጠራም። አዳራሹን ያከራየነው እኛ፣ ወጪውን የከፈልነው እኛ፣ ያስተናገድነው እኛ፤ ሙሽራዋ ግን ከኛ ወገን አይደለችም።

ይህን ፊውዥን የሚባለውን ነገር በዓለም ካስታወቁት ሰዎች አንዱ ኖቡ ማትሱሂሳ ይባላል። ጃፓናዊ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ሄዶ ምግብ ቤት ከፈተ። የለመደው የአገሩ ቅመም እንደ ልብ አልነበረም። ምን አደረገ? የፔሩን ሚጥሚጣ፣ የፔሩን ሎሚ፣ የፔሩን ድንብላል አነሳና ከዓሣው ጋር አጋባው። በኋላ በ1987 ቤቨርሊ ሂልስ፣ በ1994 ኒውዮርክ ላይ ሲከፍት ስሙን ያስጠራው ይኸው የፔሩ ጣዕም ነው። ነገሩ የተወለደው የሄዱበትን አገር ከማክበር ነው እንጂ የሄዱበትን አገር ከመርሳት አይደለም። የኛዎቹ ቅርፊቱን አመጡ፤ ፍሬውን ተዉት።

ሌላም ምሳሌ አለኝ። ያ ሳህን ላይ ያየነው ቀይ ዓሣ፣ ሳልመን፣ የጥንት የጃፓን ሱሺ አይመስላችሁ። ጃፓኖች ሳልመንን ጥሬውን አይበሉትም ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሷን ዓሣ መሸጫ የፈለገችው ኖርዌይ ናት ጃፓን ድረስ ሄዳ፣ ጎትጉታ፣ አስቀምሳ ያስለመደቻቸው። እዩት እንግዲህ! ኖርዌይ ዓሣዋን ይዛ የጃፓን ጓዳ ገባች። እኛ ጃፓንን ቦሌ ድረስ አምጥተን ከጓዳችን አንዲት ቅንጣት እንኳ ማስገባት አቃተን።

ሩዙስ? አስተናጋጁን ጠየቅሁት፤ «ከውጭ ነው የሚመጣው» አለኝ። ከወገዳ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ የፎገራ ሜዳ አለ። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ርዳታ የተጀመረው የሩዝ እርሻ ዛሬ የአካባቢው ሕይወት ሆኗል፤ ከጤፍ ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገርበታል። የፎገራ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ወረታ ላይ ነው። ምርምሩን ሲደግፍ የቆየው ማን መሰላችሁ? ጃይካ፤ የጃፓን መንግሥት ነው! ጃፓን ራሷ ፎገራ ወርዳ ጭቃ ረግጣ ከገበሬው ጋር ሩዝ ታበቅላለች፤ ቦሌ ላይ ያለው «ጃፓን» ግን ፎገራን አያውቃትም። የፎገራ ሩዝ ለሱሺ ይሆናል ብዬ አልከራከርም፤ ሱሺ የሚጣበቅ ዓይነት ሩዝ ይፈልጋል። የምጠይቀው፣ ማን ሞከረው? ማንስ ገበሬውን «ይህን ዓይነት ዝራልኝ፤ ከነዋጋው እረከብሃለሁ» አለው?

ጥሬ ዓሣ ካላችሁም ሐዋሳ ሂዱ። አሞራ ገደል ላይ ትንንሽ ልጆች ዓሣውን እንደ ወረቀት ሲገፉት ታያላችሁ። ሰው በሚጥሚጣ፣ በዳጣ እያጠቀሰ ጥሬውን ይበላዋል፤ ሱሺ የሚባል ስም ሳይሰማ የኖረ በላተኛ ነው። ያ ጓደኛዬ አሞራ ገደል ቢወስዱት አፍንጫውን ይይዛል። «ንጽሕናውስ?» ይላል። ልክ ነው፤ የሐይቅ ዓሣ ጥሬውን ሲበላ ጥገኛ ትል አለበት። ግን የባሕሩም ቢሆን አለበት። ልዩነቱ እነዚያ ጥሬ የሚበላውን ዓሣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለሰባት ቀን አቀዝቅዘው ትሉን ይገድላሉ፤ እኛ አንገድልም። እንግዲህ በሐዋሳ ዓሣና በቦሌ ዓሣ መካከል ያለው ርቀት የሥልጣኔ አይደለም፤ የአንድ ማቀዝቀዣ ነው። ያን ማቀዝቀዣ አሞራ ገደል ላይ የሚተክል ባለሀብት ጠፍቶ ነው ከኖርዌይ በአውሮፕላን የምናስመጣው።

አንዳንዱ አንባቢ እዚህ ላይ «ይህ ሰው የባዕድ ነገር ጠላ» ይለኛል። ጠልቼስ ምን ልበላ? የወገዳ መሶብ ራሱ እኮ ፊውዥን ነው! ቃሪያውና በርበሬው ትውልዳቸው አሜሪካ ነው፤ ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት በዚህ በኩል ባለው ዓለም አንድም ሰው አልቀመሳቸውም። በቆሎውም እንዲሁ። ጋይንት በጉና ግርጌ የሚኮራበት ድንች በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በኩል የገባ ነው። እናቶቻችን የአሜሪካን በርበሬ ተቀብለው ከኮረሪማ፣ ከጥቁር አዝሙድ፣ ከነጭ ሽንኩርት አጋቡትና ድልህ አደረጉት፤ ዶሮ ወጥ አደረጉት። ዛሬ በርበሬ አሜሪካዊ ነው ብሎ ማን ያምናል?

ጃፓኖችም ያንኑ ነው ያደረጉት። ቴምፑራ የሚሉት የተጠበሰ ነገር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከፖርቱጋሎች የወሰዱት ነው፤ ስሙም ከላቲኑ የጾም ወቅት መጠሪያ እንደመጣ ይነገራል። በዚያው ክፍለ ዘመን፣ በ1541 እ.ኤ.አ.፣ ፖርቱጋሎች ወደ እኛም መጥተዋል፤ ጠመንጃ ይዘው። ጃፓኖች ከእንግዳው የጾም ምግብ ወስደው የራሳቸው አደረጉ። ያን ጊዜ የኛም ሰዎች ያገኙትን የራሳቸው ማድረግ ያውቁ ነበር። ዛሬ የጠፋን ይህ ነው። መቀበል አልጠፋንም፤ መቀበልማ እንደኛ ማን አለ! የጠፋን የራስ ማድረግ ነው።

ከጃፓን መማርም ለኛ አዲስ አይደለም። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የታየው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጻፉ። የዚያ ዘመን ምሁራን ጃፓንን አይተው የጠየቁት ጥያቄ «ራሳቸውን ሳይጥሉ እንዴት ሠለጠኑ?» የሚል ነበር። የኛ ዘመን ምሁር ጃፓንን አይቶ «ዋይፋይ አለው?» ይላል።

እስቲ ይህን አንዱን አጋጣሚ ልብ በሉት። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. ባኩ ከተማ ላይ በተደረገ የዩኔስኮ ስብሰባ ሁለት ነገሮች አብረው በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዘገቡ፤ አንዱ የኛ የመስቀል በዓል፣ ሌላው የጃፓን የምግብ ባህል። እኛ በዓላችንን አስመዘገብን፤ እሰየው። እነሱ ምሳቸውን አስመዘገቡ! እኛ ደግሞ ጤፋችንን የሚመለከት ፓተንት አንድ የሆላንድ ኩባንያ ወስዶት፣ የዚያው አገር ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ዓመታት አለፉ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

በሽታውን ከቃላችን ውስጥ ታገኙታላችሁ። እንጀራ የሚሸጠውን ደህና ቤት ምን እንለዋለን? «ባህላዊ ምግብ ቤት»። ግድግዳው ላይ አገልግል ይሰቀላል፣ ጥጉ ላይ ሞሰብ ይጎለታል፣ ማታ ማታ እስክስታ አለ። ቱሪስት ሲመጣ እንወስደዋለን። ፒዛ የሚሸጠውን ግን «ባህላዊ» አንለውም፤ እሱ ዝም ብሎ «ምግብ ቤት» ነው። ቶኪዮ ውስጥ ሰው ምሳውን ሊበላ ኑድል ቤት ሲገባ «ባህላዊ ቤት ሄድኩ» አይልም። ምሳ በላሁ ነው የሚለው። የዕለት ምግቡን «ባህል» ብሎ ቤተ መዘክር ያስገባ ሕዝብ ለምግቡ ተዝካር ማውጣት ጀምሯል ማለት ነው።

«ቅናት ነው» የሚል ይኖራል። አስቡት እስቲ፣ በምኑ እቀናለሁ? በረሃቡ?

«ሰው እየተራበ እንዲህ ይበላል ወይ፣ ልትል ነው» የሚልም ይኖራል። አልልም። ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት የገባ ወረዳ ነው፤ እዚያ ለአንድ ቀን የእርከን ሥራ የሚሰፈረው 3 ኪሎ እህል ሆኖ አውቃለሁ። ያ ሂሳብ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ 6,000 ብር ከሆነው የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ የሁለት ወሩን አልፎ እንደሚሄድም አውቃለሁ። ግን በዚህ ከሄድን ክትፎውም፣ ውስኪውም፣ ሰርጉም አይቀርም። ያለው ይብላ። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ያ ገንዘብ ወደ ስማዳ ባቄላ፣ ወደ ፎገራ ሩዝ፣ ወደ ጋይንት ሰናፍጭ የሚሄድበት መንገድ አለው ወይ ነው። ከሌለው እኛ የበላነው ራት አይደለም፤ የውጭ ምንዛሪ ነው።

«የሥራ ዕድል ይፈጥራል፤ አዲስ አበባ የዲፕሎማት ከተማ ናት» የሚለው ደግሞ እውነት አለው። አስተናጋጁን ልጅ ያየሁት ለዚህ ነው። ስንወጣ በሩን ከፈተልኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ የስማዳ ሰው ነዎት?» አለኝ።

«የወገዳ። አንተስ?»

«የታች ጋይንት ነኝ፤ የአርብ ገበያ። ስልጆ ሲሉ እኮ አንጀቴን በሉኝ።»

«አንተ ይህን ምግብ ትወደዋለህ?»

«ሥልጠና ላይ አንዳንድ ጉርሻ አቅምሰውናል። ያችን አረንጓዴዋን ስቀምስ እናቴ ናት ድቅን ያለችብኝ። መንገዱ ሰላም ካጣ ወዲህ አይቻት አላውቅም።» ትንሽ ዝም አለና፣ «ለሼፉ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ እኛ አገር እንዲህ ያለ አለ ብዬ። ይስቁብኛል ብዬ ተውኩት» አለኝ።

እኔን ያናደደኝ ዋጋው አይደለም፤ ይህች ንግግር ናት። ያ ልጅ የፊውዥኑን ግማሽ ይዞ እዚያው ቆሟል። ኖቡ ሊማ ላይ የፈለገው ዓይነት ሰው ማለት እሱ ነው፤ የአገሩን ጣዕም የሚያውቅ። እኛ ግን በባዕድ ቋንቋ ጎንበስ ማለትን አስተምረን፣ የሚያውቀውን እንዲያፍርበት አደረግነው። ማን ነው የሚስቅበት? ሼፉ አይመስለኝም፤ የውጭ ሼፍ እንዲህ ያለ ነገር ቢሰማ ማሰሮው ድረስ ይሮጣል። የሚስቅበት የኔና የጓደኛዬ ብጤ ነው፤ ስልጆ ልሶ አድጎ «የባላገር ማባያ» የሚለው።

እንግዲህ ቤት ላላችሁ ሁሉ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዝርዝራችሁን በአማርኛም ጻፉ። ዋጋውን ከነታክሱ ንገሩን። አንድ ሳህን፣ አንዲት ብቻ፣ ከዚህ አገር ማሳ በወጣ ነገር ሥሩና የገበሬውን አገር ከሥሯ ጻፉልን። አስተናጋጆቻችሁን «እናታችሁ ምን ትሠራ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። እኛ በላተኞቹ ደግሞ በእጃችን መብላት አንፈር።

የጓደኛዬ ብድር አለብኝ። ከመሄዱ በፊት በተራዬ ልጋብዘው ብዬ፣ ጭፈራ የሌለበት፣ ሞሰብ ለጌጥ ያልተጎለተበት፣ ስልጆን ከዕለት ምግቡ ዝርዝር ውስጥ ያስገባ አንድ ደህና ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ፍለጋ ይዣለሁ። እስካሁን አላገኘሁም። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ያ አስተናጋጅም ዕረፍት ሲኖረው አብሮን ይመጣል።